አሳምፕሽን «የተበላሸ ደሴት» አይደለም

የሕንድ ውቅያኖሷ የደሴቶች አገር ሲሼልስ፣ በብርቅዬ እንስሳቱ ከሚታወቀው ከአልዳብራ ደሴት አጠገብ ባለው የአሳምፕሽን ደሴት ላይ 400,000 ካሬ ሜትር መሬት ከኳታር ለመጣ ኩባንያ በረጅም ዘመን ሊዝ ሰጥታለች። የቅንጦት ሆቴል ይሠራበታል። ከውጭ የሚመጡ አውሮፕላኖች እንዲያርፉበትም ማኮብኮቢያው እንደ አዲስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሲሼልስ ምርጫ በደረሰበት ሳምንት የአገሬው ተቆርቋሪዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሰውታል። እሰየው ብያለሁ።

ከውሳኔው በላይ ያንገበገበኝ ግን የደጋፊዎቹ ክርክር ነው። «አሳምፕሽን እኮ ድሮም የተበላሸ ደሴት ነው፤ ምን ቀርቶት ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ወይ ደሴቱን አያውቁትም፣ ወይ አውቀው እኛን ለማደናገር ፈልገዋል።

መሬቱ መጎዳቱ እውነት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለአሥርት ዓመታት ጓኖ፣ ማለትም ለማዳበሪያ የሚሆን የወፍ ኩስ ክምችት፣ እየተቆፈረ በመርከብ ተጭኗል። ቁጥቋጦው ተመንጥሯል። እዚያ ብቻ የምትገኝ፣ መብረር የማትችል ወፍ ነበረች። ዛሬ የለችም፤ ከምድረ ገጽ ጠፍታለች። የአቦት ቡቢ የሚባለው የባሕር ወፍም እዚያ ይራባ ነበር። አሁን በዓለም ላይ የሚራባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አውስትራሊያ በምታስተዳድረው የክሪስማስ ደሴት።

ታዲያ ከዚህ የምንማረው ሆቴል መሥራት ነው? አንዴ የተጎዳ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይጎዳ የሚል ሕግ የት አለ? ጓኖ ቆፋሪዎቹም እኮ በዘመናቸው ለአገር ገቢ እናመጣለን ብለው ነው የቆፈሩት። ገቢው ተበልቶ አልቋል። ወፏ ግን አልተመለሰችም።

ደግሞ መሬቱ ተቆፈረ ማለት ባሕሩ ሞተ ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽና ፊልም ሠሪ ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካሊፕሶ በተባለችው መርከቡ አሳምፕሽን ደርሶ ውሃው ውስጥ ሲቀርጽ፣ ቁፋሮው ከተጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። ያም ሆኖ በዓሣ ብዛትና በኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚገነቡት ዐለት፣ ውበት ተደንቋል። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ዛሬም ከዚያው ደሴት ነጭ አሸዋ ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ሆቴሉ የሚፈልገውም ያንኑ አሸዋ ነው። ለእንግዳ የሚሸጠው የተቆፈረው ጉድጓድ አይደለማ! የሚሸጠው ያልተበላሸው ነው። እንግዲህ «የተበላሸ ደሴት» የሚሉት ሰዎች ለምን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው እዚያ ድረስ እንደመጡ ይንገሩን።

የሁሉም ነገር ማሰሪያ ግን አልዳብራ ነው። አሳምፕሽን ከአልዳብራ የሚርቀው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አልዳብራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ100,000 በላይ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች የሚኖሩበት ቦታ ነው። ከአሳምፕሽን የጠፋችው ወፍ የቅርብ ዘመድም እዚያ አለች። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የተረፈች፣ መብረር የማትችል የመጨረሻዋ ወፍ እሷ ናት። አልዳብራ ቋሚ ነዋሪ የለውም። ያሉት ጥቂት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች ናቸው።

«ሆቴሉ አልዳብራ ላይ አይደለም፤ ሌላ ደሴት ላይ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። ይህን ለሚሉ የወፎቹን ታሪክ ልንገራቸው። በ1970ዎቹ ሰዎች ቡልቡልና የማዳጋስካር ፎዲ የሚባሉ ወፎችን ወደ አሳምፕሽን አመጡ። ለውበት ይሁን ለጨዋታ፣ ክፉ አስበው እንዳልሆነ እገምታለሁ። ወፎቹ ተራቡ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር። ግን አልተቀመጡም። በ2012 ፎዲዎቹ አልዳብራ ላይ ተገኙ። ዓለም በሙሉ ንጹሕ ነው እያለ የሚያደንቀው ደሴት ላይ! አልዳብራን የሚያስተዳድረው የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደለፋ ማሰብ ነው። አሳምፕሽን ላይ ብቻ ከ5,000 በላይ ቡልቡሎች አንድ በአንድ ተይዘውና ተተኩሶባቸው ነው የጠፉት። ዓመታት የፈጀ፣ ብዙ ገንዘብ የበላ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ያኔ አንድ ሰው በቅርጫት ይዞ የመጣውን ወፍ ለማስወገድ ነው።

አሁን ደግሞ የሚመጣው ቅርጫት አይደለም። አሳምፕሽን ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚያ ሱቅ የለም። ስለዚህ ሲሚንቶው፣ ጠጠሩ፣ እንጨቱ፣ ፍራሹ፣ ለግቢው ማሳመሪያ የሚተከለው አበባ ከነአፈሩ፣ አትክልቱና ፍራፍሬው ሁሉ በመርከብና በአውሮፕላን ይጫናል። በአፈሩ ውስጥ ጉንዳን አለ። በጠጠሩ ውስጥ የአረም ዘር አለ። በኮንቴይነሩ ጥግ እንሽላሊት ይደበቃል። ይህ የሚሆነው ግንባታው ሲካሄድ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ ነው። «ጥብቅ ቁጥጥር እናደርጋለን» ይላሉ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ቁጥጥሩ አንድ ቀን ቢሳሳት ይበቃል። አንዱ ስህተት 27 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አልዳብራ ሲደርስ ሆቴሉ የሚከፍለው ምንድን ነው? ለጠፋ ፍጥረት ካሳ ተከፍሎ ያውቃል?

ከዚያ መብራቱ አለ። የኤሊ ጫጩት ከአሸዋ ውስጥ በሌሊት ስትወጣ ወደ ባሕር የምትሄደው ብርሃን ተከትላ ነው። ጨለማ በሆነ ዳርቻ ላይ የሚደምቀው የባሕሩ አድማስ ነው። ከኋላዋ የሆቴል መብራት ከበራ ግን ዞራ ወደዚያ ትሄዳለች። ጠዋት ፀሐይ ታደርቃታለች፣ ወይ ሸርጣን ይበላታል። ይህ ምርምር የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ በየአገሩ የባሕር ዳርቻ የታየ ነው።

ጥበቃ እንደሚሠራም አልዳብራ ራሱ ምስክር ነው። ከ1968 ጀምሮ የባሕር ኤሊ መግደል እዚያ ተከልክሏል። ያኔ በዓመት የሚገኘው የአረንጓዴ ኤሊ የእንቁላል ጉድጓድ ከ2,000 እስከ 3,000 ነበር። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ከ15,000 በላይ ሆኗል። ገንዘብ አይደለም ያመጣው። መድኃኒትም አይደለም። ሰው እጁን ስለሰበሰበ ነው። ኤሊ ለመውለድ የምትበቃው ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነውና፣ ይህን ውጤት ለማየት አንድ ትውልድ ሙሉ መታገሥ ነበረበት። ያ ትውልድ ታገሠ። መሬቱን በሊዝ የሰጠው ባለሥልጣን ግን ለኪራይ ቸኮለ።

በጣም የሚገርመኝ ሌላው ነገር ይህ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዞች አልዳብራ ላይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠሩ ነበር። ሳይንቲስቶች ተነሥተው ጮኹ፤ በ1967 ዕቅዱ ቀረ። ቆይቶ ደግሞ ሕንድ አሳምፕሽን ላይ ወታደራዊ መሠረተ ልማት ልትገነባ ተስማማች። የሲሼልስ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ፓርላማው ስምምነቱን ሳያጸድቀው ቀረ። ሁለት ኃያላን መንግሥታትን እንቢ ያለ ቦታ ነው እንግዲህ። ለጦር ኃይል ያልተሰጠ ደሴት ለመዋኛ ገንዳና ለግል ጄት ይሰጥ? ምን ስለተለወጠ?

«ሆቴሉ ለጥበቃው ገንዘብ ያመጣል» የሚሉም አሉ። ሲሼልስ ያለ ቱሪስት እንደማትኖር አውቃለሁ። ሕዝቧ መቶ ሺህ ገደማ ነው፤ በዓመት የሚመጣው እንግዳ የዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከአዲስ አበባም በአየር መንገዳችን ቀጥታ ይኬዳል፤ ሙሽሮቻችን ማሄና ፕራስሊን ላይ የሚነሡት ፎቶ በየስልኩ አለ። ይሂዱ፣ ይዝናኑ። ሆቴል ለሚፈልግ ማሄ አለ፣ ፕራስሊን አለ፣ ላ ዲግ አለ። ግን ለባሕር ጥበቃ ገንዘብ የሚገኝበት ሌላ መንገድ እንዳለ ለዓለም ያሳየችው ራሷ ሲሼልስ አይደለችም ወይ? 21.6 ሚሊዮን ዶላር ዕዳዋን ባሕር በመጠበቅ የለወጠች አገር ናት። ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኒ ፎር በ2019 ከ120 ሜትር በላይ ከባሕር በታች ወርደው ለዓለም ንግግር አድርገዋል። በ2020 ደግሞ ከባሕር ግዛቷ 30 በመቶውን ጥብቅ አድርጋለች። ያ ሁሉ ጭብጨባ ገና አልበረደም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው።

አልዳብራ እኮ ያለ ሆቴልም በቂ መከራ አለበት። በ2019 በጎ ፈቃደኞች ከባሕር ዳርቻው 25 ቶን ቆሻሻ ሰብስበዋል፤ አብዛኛው የዓሣ አጥማጆች ገመድና መረብ ነው። የቀረው ከ500 ቶን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። ባሕሩ ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል። በ1998 በማሄ ዙሪያ ባሉት ደሴቶች ከሕያው ኮራሉ ከ90 በመቶ በላይ ሞቷል። በ2016 ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። የባሕሩን ሙቀት ሲሼልስ ብቻዋን ልታስቆመው አትችልም። በግንባታ ደለልና በጀልባ መልሕቅ ኮራሉን ከማገገም አለማገድ ግን ትችላለች። ይህ በእጇ ነው።

ስለዚህ ሊዙ ይሰረዝ። እስከዚያው የውሉ ሙሉ ቃል ለሕዝብ ይውጣ፤ ሥራውም ይቁም። አሳምፕሽን ላይ ማኮብኮቢያ አስቀድሞም አለ። ወደ አልዳብራ የሚሄዱት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች እዚያ አርፈው በጀልባ ይሻገራሉ። ለእነሱ ይበቃል።