የወላጅነት ሥልጠና በጀት ከአዳራሽ አልፎ ቤት ድረስ ይዝለቅ

መንግሥት ለወላጅነት ሥልጠናና ለቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎት ገንዘብ ሊመድብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በየአገሩ በጀት በሚጸድቅበት ወቅት ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም የሚቋጨው ለጥቂት ወራት የሚበቃ ገንዘብ በመመደብ፣ የሠለጠኑትን ወላጆች ቁጥር በሪፖርት በማስፈርና የፕሮጀክቱ ጊዜ ሲያልቅ አገልግሎቱን በመዝጋት ነው። ገንዘቡ እንዲመደብ አጥብቄ እደግፋለሁ፤ የምቃወመው አመዳደቡን ነው። ቤተሰብን የሚደግፈው የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ብቻ ሳይሆን፣ ከትምህርቱ በፊትም ሆነ በኋላ ቤተሰቡን የሚያውቅና ሲጠሩት የሚደርስ ባለሙያ ስለሆነ፣ በጀቱ በቅድሚያ መዋል ያለበት ለዚህ ባለሙያ ደመወዝና የሥራ ዋስትና ነው።

የመንግሥት ግዴታ በሕግ የተቀመጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ቀዳሚ ኃላፊነት የወላጆች መሆኑን ካስቀመጠ በኋላ፣ መንግሥታት ወላጆችን በዚህ ኃላፊነታቸው እንዲያግዙና የሕፃናት እንክብካቤ ተቋማትና አገልግሎቶች እንዲስፋፉ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ በማስረጃ የተደገፉ የወላጅነት ፕሮግራሞች ለወላጆች ተደራሽ እንዲሆኑ መክሯል።

በደንብ በሚመራ ሥልጠና ውስጥ አሠልጣኙ ረጅም ንግግር አያደርግም። አሥር ወይም አሥራ ሁለት የሚሆኑ ወላጆች ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዷ እናት ሆና፣ አንዱ ደግሞ አልታዘዝም የሚል ሕፃን ሆኖ ይለማመዳሉ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ! አታዝረክርክ!» የሚለው ቁጣ «ጫማህን በሩ አጠገብ አስቀምጥ» በሚል አጭርና ግልጽ ቃል ይተካል፤ ልጁም እንደታዘዘው ሲያደርግ ወዲያው ይመሰገናል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃት፣ እንቅልፍ ያጣች እናት ግን በሦስተኛው ሳምንት የቀድሞው ቁጣ ሲያገረሽባት «እኔ አልሆነልኝም» ብላ ትቀራለች። ደውሎ ወይም ቤቷ ሄዶ «ምን ገጠመሽ?» የሚላት ሰው ካለ የመመለስ ዕድል አላት። የዚህ ሰው ደመወዝ ነው እንግዲህ ከበጀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚሰረዘው።

የእንግሊዝ ልምድ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1999 በድሃ አካባቢዎች ሥራ የጀመረው ሹር ስታርት የሚባለው መርሐ ግብር የጤና ክትትልን፣ የወላጆች ድጋፍን፣ የሕፃናት እንክብካቤንና የሥራ ፍለጋ ምክርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ማዕከላቱ ከ3,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን በጀቱ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ተቆርጦ ብዙዎቹ ተዘጉ። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የፊስካል ጥናቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በማዕከላቱ አቅራቢያ ያደጉ ልጆች በ16 ዓመታቸው በሚወስዱት ብሔራዊ ፈተና የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን፣ ጥቅሙም በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ጎልቶ መታየቱን አረጋግጧል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ውጤቱ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተከፈቱት፣ ከፍ ያለ በጀት ከነበራቸውና ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰቦችን ይፈልጉ ከነበሩት ማዕከላት መሆኑ ነው። በኋላ ገንዘቡ ሳስቶ ለብዙ ማዕከላት ሲከፋፈል ተመሳሳይ ውጤት አልታየም። ማዕከላቱ የተዘጉት የዚህ ጥናት ውጤት ከመታወቁ ዓመታት በፊት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ፈተና ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የሚታገሥ የበጀት አሠራር አልነበረም።

በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሌላ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በሦስት አካባቢዎች የሚኖሩ የትናንሽ ልጆች ወላጆች በፈለጉት የወላጅነት ሥልጠና ላይ የሚጠቀሙበት የ100 ፓውንድ ቫውቸር ተሰጣቸው። ሥልጠናውን የወሰዱት ከሚገባቸው ወላጆች ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ክፍያው መነሣቱ ብቻውን ልጁን የሚይዝለት የሌለውን፣ በማታ ፈረቃ የሚሠራውን ወይም «ልጅ ማሳደግ አይችልም» መባልን የሚፈራውን ወላጅ ከቤቱ አያስወጣውም።

በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 የተጀመረው ሥራ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ የተከተለ ነበር። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ዕድገታቸው የቀነጨረ ሕፃናት ወዳሉባቸው ድሃ ቤቶች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ እየሄዱ፣ በቤት ውስጥ በሚሠሩ መጫወቻዎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚነጋገሩ አሳዩ። እነዚያ ሕፃናት በ20ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ ገቢያቸው ሲጠና፣ ተመሳሳይ ጉብኝት ካላገኙት በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

መንግሥት ወደ ቤተሰብ ጓዳ መግባት የለበትም የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ምላሽ ይሻል። ልጄን ይቀሙኛል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ችግሩን ደብቆ ይኖራል፤ ስለዚህ ድጋፉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት፤ ባለሙያውም ሪፖርት ማድረግ የሚገደደው ልጁ ለአደጋ ሲጋለጥ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ሊናገር ይገባል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የእናቶችና የሕፃናት ምክር ጣቢያ እንዲኖረው አድርጋለች። አገልግሎቱ ነፃ ስለሆነና ሀብታምም ድሃም ስለሚጠቀምበት ወደ ጣቢያው መሄድ ማንንም አያሳፍርም።

የቤተሰብ ችግር ምንጩ ድህነት እንጂ የዕውቀት ማነስ አይደለም የሚሉም አሉ፤ በአብዛኛው እውነታቸውን ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ስድስት ሰዎች ስለ ትዕግሥት ማስተማር ብቻውን ግፍ ነው። ቤተሰቡን የሚጎበኘው ባለሙያ የድጎማ ማመልከቻ ለመሙላት፣ የሕክምና ቀጠሮ ለማስያዝና የመኖሪያ ቤት ጥያቄን ለሚመለከተው ክፍል ለማድረስ ጊዜና ሥልጣን ሊኖረው የሚገባውም ለዚህ ነው።

በጀቱን የሚያጸድቁ ምክር ቤቶች ገንዘቡን ከአንድ የበጀት ዓመት ለሚረዝም ጊዜ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ሊመድቡት ይገባል፤ ሪፖርት ሲቀርብላቸውም ስንት ወላጅ እንደሠለጠነ ከመስማታቸው በፊት ሥልጠናውን ያቋረጡት እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደቀሩና ማን ሄዶ እንዳነጋገራቸው ይጠይቁ።