ዕቃው ይምሰል፣ እሳቱ አይምሰል

በመርካቶ ሱቆችም ሆነ በመሐል አዲስ አበባ የገበያ ሕንፃዎች የሚሸጠው የሕፃናት መጫወቻ ማዕድ ቤት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ፣ ምድጃ፣ ቧንቧና የሳህን መደርደሪያ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ ቁልፉ ሲነካ መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ የሚንተከተክ ድስት ድምፅም ያሰማል። ለልደት ወይም ለገና ስጦታ የሚፈልግ ወላጅ ዐይኑ የሚያርፈው በዚሁ ድምፅና ብርሃን ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ መታሰብ ያለበት፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ በየቀኑ ከሚያየው ማዕድ ቤት ውስጥ መጫወቻው የትኛውን እንዲመስል፣ የትኛውን ደግሞ ፈጽሞ እንዳይመስል እንደምንፈልግ ነው።

ቢመስል የምወደው ዕቃውን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዕቃቃ የሚጫወተው ያየውን በመድገም ስለሆነ፣ አባቱ ወጥ ሲያማስል ወይም ሞግዚቱ ስኒ ስታጥብ የተመለከተ ሕፃን፣ ድስትና ማማሰያ እስካገኘ ድረስ ቀሪውን ራሱ ይፈጥረዋል። ራሱ የሚንጫጫ ምድጃ ግን የልጁን ድርሻ ይወስድበታል፤ ልጁ ቁልፍ ከመጫን በቀር የሚሠራው አይኖረውም፣ ባትሪው ሲያልቅም ጨዋታው አብሮ ያልቃል። ስለዚህ አብሮ የሚመጣውን የፕላስቲክ ፒዛና በርገር ወደ ጎን ትቶ (ለመሆኑ በስንቱ ቤት ነው ፒዛ የሚጋገረው?) ቀለል ያለ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ የብረት ኩባያና በቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ ሱቆች ከሚሸጡት ትናንሽ መሶቦች አንዱን መጨመር የተሻለ ነው። ትንሿ የሸክላ ጀበና ስለምትሰበር፣ ስባሪዋም ስለሚቆርጥ፣ ልጁ ከፍ እስኪል ብትቆይ ይመረጣል።

እሳቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤታችን ቡና የሚፈላው ወለል ላይ በተቀመጠ የከሰል ምድጃ ነው፤ ፍሙም ጀበናውም የሕፃኑ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናቸው። ቀይ ብርሃን የሚሰጥ መጫወቻ ምድጃ ገዝተን ልጁ በመዳፉ እየዳሰሰው እንዲስቅ ካደረግን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ከሬከቦቱ ጎን ያለውን ፍም እንዳይነካ መጠበቅ ከልጁ ዕድሜ በላይ ነው። «ያቃጥላል» ማለትን በመጫወቻው ማስተማር ይቻላል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ለአራት ዓመት ልጅ እውነት ሊሆን ይችላል፣ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ ግን ከቃሉ ይቀድማል። ምድጃው የማይበራ፣ ክብ የተሳለበት ጠፍጣፋ ጣውላ ቢሆን ለጨዋታው የሚጎድለው ነገር የለም። ቦታውም ከቡታጋዙና ቡና ከሚፈላበት ስፍራ መራቅ አለበት። በልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ርቀት ከየት ይመጣል ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቤት ትልቁን ትቶ፣ ቡና ሲፈላ ተነሥቶ አልጋ ሥር የሚገባ ዝቅተኛ ሣጥን መምረጥ ያዋጣል።

የሁለት ዓመት ልጅ ቁመት በአማካይ ከ86 እስከ 88 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የሥራ ገበታው 45 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመቸዋል። ከኋላው እስከ አንድ ሜትር የሚቆም መደርደሪያ ያለው ከሆነ ግን ልጁ ሲንጠለጠልበት ሊወድቅበት ስለሚችል ከግድግዳ ጋር በብሎን መታሰር ይኖርበታል። አከራይ ግድግዳ እንዲበሳ የማይፈቅድለት ተከራይ ዝቅ ያለውን ቢገዛ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚታየው «ከ3 ዓመት በላይ» የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ የልጁን ብልህነት እንደሚመለከት ተደርጎ ይታለፋል፤ ነገሩ ግን መታነቅን ይመለከታል። ለታዳጊ ሕፃናት መጫወቻ የሚፈተሽበት መለኪያ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው፤ በቤት ውስጥ የሶፍት ካርቶን እምብርት ትንሽ ሰፋ ያለ ምትክ ይሆናል፣ በዚያ የሚያልፍ ማንኛውም ስኒ፣ ቁልፍ ወይም የውሸት እንቁላል ይወገድ። ሽምብራና ባቄላም በድስቱ ውስጥ አይግቡ። ከሁሉ የከፋችው ክቧ ጠፍጣፋ ባትሪ ናት፤ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ስለምትችል፣ ክዳኗ ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት መጫወቻ ቤት መግባት የለበትም።

ለአናጺ ማሠራትም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ቁመቱም ለልጁ ልክ ይሆናል። አናጺውን መጠየቅ የሚገባው ስለ ቀለሙ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ (መርዛማው ብረት) ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ ስላላት፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማየት፣ ምንም ካልተጻፈ ደግሞ እንጨቱ ሳይቀባ በደንብ ተልጎ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል። ከሱቅ የሚገዛ ሰው ደግሞ ካርቶኑ ተከፍቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንዲያይ ይጠይቅ፤ ሻጩ እሺ ካላለ በመርካቶ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።