ዋስህ ማነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው የመጣሁት። ቁጣው እኔንም ይጨምራል። ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ማን ሆኖ ነው» ብላችሁ ከመጀመሪያው አታባርሩኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ጀበና ቡና የምንጠጣባት ቦታ አለች። አምስት ነን። አንዱ ኮድ ይጽፋል። አንዱ ባንክ ይሠራል። አንዱ አስመጪ ነኝ ይላል፤ ምን እንደሚያስመጣ እስካሁን አልገባንም። አንዱ ሥራው ሌላ ነው፣ የሚያኖረው ግን ፖለቲካ ነው። አምስተኛው እኔ። ዱካ ላይ ቁጭ እንላለን፣ ቡናው በጤና አዳም ይመጣል፣ ከዚያ ዓለምን ፈትተን እንገጥማታለን።

ኅዳር 2016 ላይ ቻትጂፒቲን የሠራው የሳን ፍራንሲስኮው ድርጅት የኦፕንኤአይ ቦርድ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ሳም አልትማንን ከሥራ አባረረው። በ5 ቀን ውስጥ ደግሞ ሰውየው ተመለሰ። እነሱ በ5 ቀን የጨረሱትን እኛ ሁለት ቅዳሜ ተከራከርንበት። ቦርዱ ምን ሥልጣን አለው? ማይክሮሶፍትስ ምን ያደርጋል? ድምፃችን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። በዚያው ሰሞን የብሎካችን ኮሚቴ ምርጫ ነበር። ከአምስታችን አንድም ሰው አልሄደም። ለውሃ ፓምፑ ያዋጣነው ገንዘብ የት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። ስለ ሳን ፍራንሲስኮው ቦርድ ግን ጠይቁኝ፣ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ወሬውን አልጠላሁም። ከከተማ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሲያወሩ መስማት ደስ ይለኛል። የምቆጣው በሌላ ነው። አንጠይቅም። እንተነትናለን፣ እንፈርዳለን፣ እንፎክራለን፤ አንጠይቅም። ምክንያቱንም ታውቁታላችሁ። ይሉኝታ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ኮድ የሚጽፈው ጓደኛችን ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ከመርካቶ ዕቃ ለሰፈር ሱቆች የሚያደርስ አፕ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው። እኛ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ለሁለት ካርቶን ሳሙና ሱቁን ዘግቶ መርካቶ ይወርዳል፤ ቀኑ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። አራታችንም አዋጣን። እኔ 40 ሺህ ብር በስልኬ ላኩለት። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ? «አይዞህ»።

ውላችን ይህ ነው። አይዞህ። ድርሻዬ ስንት በመቶ ነው? አልጠየቅኩም። ብድር ነው ወይስ አክሲዮን? አልጠየቅኩም። ቢከስርስ? ኧረ እንዴት ተብሎ! ወንድሜ አይደል እንዴ።

የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በዚያው ቅዳሜ ዋይ ኮምቢኔተር ስለሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሳስረዳ የነበርኩት እኔው ነኝ። ለአንድ ጀማሪ ድርጅት 125 ሺህ ዶላር ሰጥቶ 7 በመቶ ድርሻ እንደሚወስድ፣ የሚፈርሙበት ሰነድ ጥቂት ገጽ እንደሆነ፣ ሰነዱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚገኝ ተናግሬ ገና ቡናዬን አልጨረስኩም። ከጓደኛዬ ግማሽ ገጽ ወረቀት መጠየቅ ግን አፈርኩ።

አፑ ሠራ። ሠላሳ ምናምን ሱቆች ገቡበት። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ፤ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የጓደኛችን ሰርቨር፣ ማለትም አፑ የሚሠራበት የኪራይ ኮምፒውተር፣ በየወሩ የሚከፈለው በዶላር ነው። የሚከፍልለት ደግሞ አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ ነበር፣ በራሱ ካርድ። በዘመድነት በባንኩ ዋጋ ያስብለትና ብሩን እዚህ ለእናቱ እንዲሰጥ ያደርጋል። የባንኩ ዋጋ እጥፍ ሲሆን የሰርቨሩ ወጪም እጥፍ ሆነ። ገቢው ግን በብር ነው፣ ያውም ከሱቅ የሚቆረጥ ሳንቲም።

ይህን ሁሉ የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዳችን «ሰርቨሩን ማን ነው የሚከፍልልህ? በምን ገንዘብ?» ብንለው ኖሮ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ባንከር ቀሪውን ያስረዳው ነበር። የዕለት ሥራው ነው እኮ! እሱም ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ልጁ አፍሮ ቡናውን ተወ። እኛም መደወል አፈርን፤ ገንዘባችንን የምንጠይቅ እንዳይመስለው። ይሉኝታ የበላው 40 ሺህ ብሬን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አሁን ቡናውን የሚያፈሉትን እትዬን ላምጣ። እሳቸው የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ናቸው። ደብተራቸውን ቀርቤ አይቼዋለሁ። ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ ጥጉ ቡና ጠጥቶ ጠቁሯል፣ መስመሩ በቀይ እስኪብርቶ የተሰመረ። ስም፣ ቀን፣ የገባ ብር፣ ፊርማ። መፈረም የማይችል በአውራ ጣቱ አሻራ። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት እትዬ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ ያደርጉና አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ዋስህ ማነው?» የገዛ እህታቸው ዕቁቡ ውስጥ አለች። እሷንም ሰው ፊት ጠይቀዋታል። ማንም አልተቀየመም። እህትየው ራሷ ጎረቤቷን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው።

እንግዲህ «መጠየቅ በባህላችን ነውር ነው» አትበሉኝ። እናቶቻችን ገንዘብ ባለበት ሁሉ ሲጠይቁ ነው የኖሩት። ነገሩ ስልክ ውስጥ ሲገባና «ስታርታፕ» ሲባል ሥርዓቱን የጣልነው እኛ የተማርነው ነን።

የእትዬ ደብተር ሌላም ነገር ያሳያል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 20 ሰው በወር 5 ሺህ ብር ይጥላል፤ ዕጣው 100 ሺህ ነው። በ20 ወር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው 100 ሺህ ያስገባል፣ 100 ሺህ ይወስዳል። አንድ ብር ትርፍ የለውም። ዕቁብ ከማንም የማይሰርቀውም ስለዚህ ነው። ታዲያ አንዱ በቴሌግራም መጥቶ «ዲጂታል ዕቁብ፣ በወር 30 በመቶ ትርፍ» ሲላችሁ 30 በመቶው ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ሕዝብ አሰልፎ ነበር። የፖስታ ኩፖን እየነገድኩ ነው የማተርፈው አለ። የቀደሙትን ሲከፍል የነበረው ግን ከኋላ በመጡት ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት ጉዱ ወጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኔ ጎረቤት «ቪዲዮ ላይክ አድርጊ፣ ትከፈያለሽ» ተብላ ፍሪጇን ሸጣ ገባች። ያስገባቻት የእህቷ ልጅ ናት። ልጅቷም አላወቀችም፣ እሷንም ሌላ ዘመድ ነው ያስገባት። ዘመድ ያመጣው ነገር ስለሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

(ፈረንጅም ይሉኝታ ሳይኖረው አይቀርም። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገበያ ኅዳር 2015 ላይ ሲፈርስ፣ ዕውቁ የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ሴኮያ ካፒታል ያስገባውን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዜሮ ብሎ መዝግቦታል።)

ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። አለመግዛት መብት ነው፣ በዚያ አልቆጣም። የሚያበሳጨኝ እኛ ዱካዎች ላይ የነበረው ክርክር ነው። መንግሥትን የሚደግፈው «ግዙ» አለ፣ የሚቃወመው «እንዳትነኩት» አለ። በቃ። የደንበኛ ሳቢ መግለጫው፣ ማለትም ለአክሲዮን ገዢዎች የተዘጋጀው ሰነድ፣ ወጥቶ ነበር፤ የድርጅቱ ሒሳብም ስጋቱም ተጽፎበታል። «ማን አነበበው?» አልኩ። ሁሉም ዝም። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ «ዳታ አለቀብኝ» ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ዋይፋይ ላይ ነበርኩ።

ፖለቲካው ይብሳል። ባለፈው መስከረም ፖለቲከኛችን አንድ ደብዳቤ ላከልን። ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ቁጥር አለው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ሰነዱን ይዞ ካልቀረበ ቤቱን ያጣል ይላል። አስመጪው ለአራት ግሩፕ በተነው። እኔ ለእናቴ ላኩላት። እናቴ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ካርታዋን በፌስታል ጠቅልላ ወረዳው በር ላይ ቆመች። የአራብሳን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «እማማ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ይግቡ ቤትዎ» ያላት ጥበቃው ነው።

ማታ ደብዳቤውን አጉልቼ አየሁት። ቀኑ ጳጉሜን 7 ይላል።

ጳጉሜን 7! ጳጉሜን አምስት ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በየስድስት መቶ ዓመቱ ሰባት ትሆናለች የሚሉ አሉ፤ ለዚያ ደብዳቤ ብላ ግን አልሆነችም። በኤአይ የተሠራ ቪዲዮ በዓይናችን እንለያለን ብለን ስንፎክር የከረምን ጎበዞች አንድ ቀን ማንበብ አቃተን። ፖለቲከኛውን «ምንጩ ምንድን ነው?» ያላልነውም ስለምናውቀው ነው። «አንተ ደግሞ የማን ደጋፊ ነህ?» ይላል። ይህን ላለመስማት ዝም ብለን አሳለፍነው። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን የሚከለክል አዋጅ አለ፣ 1185/2012። እኔ ግን አዋጁን አልጠራባችሁም፤ በር ላይ የቆመችውን እናቴን ነው የምጠራባችሁ።

ስሙኝ እንግዲህ። ጓደኛችሁ ለሥራ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ወረቀት ጠይቁት፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ሰጣችሁ፣ በምን ድርሻ፣ ቢከስር ምን ይሆናል። ከተቀየመ ዛሬ ይቀየም፤ የዛሬው ቅያሜ በአንድ ማኪያቶ ይበርዳል። እናንተ ጀማሪዎችም ብትሆኑ ስትጠየቁ አታኩርፉ። «አታምነኝም ማለት ነው?» የሚሏት ነገር ከአፋችሁ አትውጣ። ማመንና ሒሳብ ማየት ምን አገናኘው? እትዬ እህታቸውን ይወዷታል። እናንተ የባንክ፣ የሒሳብ፣ የሕግ ሰዎች ደግሞ እያወቃችሁ ዝም አትበሉ። ቡና ላይ ስለ አሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ስለ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ የምትተነትኑትን ያህል ለአንድ ጓደኛችሁ ሰርቨር ሁለት ደቂቃ ስጡት። ዜና የምትበትኑም ከመላካችሁ በፊት ቀኑን አንብቡ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳችሁም፤ ቀኑን ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮደሩ መጣ። ከዓመት በላይ ጠፍቶ ነበር። እትዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ስኒውን አቀረቡለት፣ ስኳሩንም ሳይጠይቁት ሁለት ማንኪያ አደረጉ። ትንሽ ቆየና ዕቁብ መግባት እንደሚፈልግ ነገራቸው። መነጽራቸው ዝቅ አለ። ያችው ጥያቄ መጣች።

ልጁ ወደ እኛ ዞረ። አራታችንም የስኒያችንን ቂጥ ማየት ያዝን።

«እኔ እሆነዋለሁ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን ንገረኝ፤ ሰርቨሩን አሁን ማን ነው የሚከፍልልህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ። ዱካውን ወደ እኔ ጎተተና ስልኩን አወጣ። «ቆይ ላሳይህ» አለ። ባንከሩም አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። እትዬ ደብተራቸውን ከፍተው ቀዩን እስኪብርቶ ያራግፋሉ፤ ስሜን ሊጽፉ።