ዜሮ ነው ወይስ ስህተት?

በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም ግማሽ ቀኔን በላው። ሥራው ከትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለማስነሳት ከሚጻፈው መስመር፣ አንድ ቁጥር ተቀብሎ በሁለት ማባዛት ብቻ ነው! የሚደርሰኝ ግን ሁሉም ጽሑፍ ነው፤ 12 እንኳ የቁምፊዎች ሰንሰለት ሆኖ ይመጣል። ኤቶአይ (atoi) የሚባል የሲ ፈንክሽን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል ተባልኩ። እሱ ደግሞ «ሰላም» ቢሰጡትም ያለ አንዳች ቅሬታ 0 ይመልሳል። ታዲያ ተጠቃሚው 0 ጻፈ ወይስ ቀለደብኝ? በምን ልወቅ? ስትርቶል (strtol) የሚባለው ሌላ ፈንክሽን ይሻላል፤ ንባቡን የት ላይ እንዳቆመ ይጠቁማል። ግን ለአንዲት ቁጥር ይህ ሁሉ ማጣሪያ!

ተጠቃሚው በመስመሩ ላይ የጻፋቸውን የአማራጭ ቃላት በሁለት የእኩል ምልክት (==) ሳወዳድር ደግሞ ለካ የማወዳድረው ቃላቱን ሳይሆን የማህደረ ትውስታ አድራሻቸውን ኖሯል። በመስመሩ ላይ ስንት ቃል እንዳለ የሚቆጥረው አርግሲም (argc)፣ ምንም ሳልሰጠው የፕሮግራሙን የራሱን ስም ቆጥሮ 1 ይለኛል።