ስንት እርከን ወረደለት?

«አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ዋጋ! ይኼ ነው ፍትሕ?»

እንዲህ ያለው የሚኒባስ ባለቤቱ ነው። የሚያውቃቸው ሁለት ሹፌሮች በየራሳቸው ጊዜ ሰው ገጭተው፣ ሰው ሞቶባቸው ተከሰሱ። አንዱ ቃሊቲ ገባ። ሌላው በገደብ፣ ማለትም ጥፋት ካልደገመ ላይታሰር፣ ተለቆ ዛሬም መሪ ይጨብጣል። ቡና ላይ የነበርነው እሱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ አንዲት ወጣት ጠበቃ፣ ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣ ሰውና እኔ ነበርን።

ጋሼ፣ ማለትም ዳኛው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «የታሰረው ልጅ ጠጥቶ ነበር?»

ባለ ሚኒባሱ ትንሽ አቀረቀረ። «ኧረ… ትንሽ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

«አየህ» አሉ ጋሼ፣ «የወንጀል ሕጉ 543 አንድ አንቀጽ ይምሰልህ እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ከገደለ በንዑስ 2 ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ መቀጮም አለው። ጠጥቶ ወይም በግልጽ የተቀመጠ ደንብ ጥሶ ከሆነ ግን ንዑስ 3 ነው። ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። የሰው ሕይወት ያው ነው፤ ጥፋቱ ግን አንድ አይደለም።»

«እሺ እሱን ይተዉት። ሦስተኛ አለኝ» አለ ባለ ሚኒባሱ። (የዚህ ሰውዬ ሹፌር አያልቅም።) «ይኼኛው ጠብታ አልቀመሰም። እሱም በንዑስ 2 ነው የተከሰሰው፣ እንደዚያ በገደብ እንደወጣው። ግን ታሰረ። ልዩነቱ ምን መሰለዎት? ያኛው አለቃው ከፈለለት። ሽማግሌ ልኮ፣ ካሳ ሰጥቶ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቆ የእርቅ ወረቀቱን ለፍርድ ቤት አቀረበ። ይኼኛው ግን የሚሰጠው አልነበረውም።»

ጋሼ በዚህ ጊዜ ቶሎ አልመለሱም። ዞረው ወደ ጥንቱ ሄዱ።

«እናንተ የድሮውን አታውቁትም። ተራ የሰው ግድያ፣ 540፣ ከአምስት እስከ 20 ዓመት ነው። ከባድ ስርቆት፣ 669፣ ከአንድ እስከ 15። በዚህ መሃል አንዱ ዳኛ ከታች ይጀምራል፣ ሌላው ከመሃል። ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹የትኛው ዳኛ ጋ ደረሰኝ?› ብሎ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ንዑስ 4 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጣ ያለው ለዚህ ነው። በ2002 ወጣ። ጉድለቱ ታይቶ በ2006 በመመሪያ ቁጥር 2 ተተካ። ዛሬ ዳኛው መጀመሪያ የወንጀሉን ደረጃ ያገኛል። ደረጃ ያልወጣለት ከሆነ ራሱ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ ይመድባል። ከዚያ መመሪያው ውስጥ ባለው የቅጣት ሰንጠረዥ ላይ እርከኑን፣ ማለትም ቅጣቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን መስመር፣ ይይዛል፤ ማክበጃ ካለ ይወጣል፣ ማቅለያ ካለ ይወርዳል። በአንድ እርከን ውስጥ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቅጣት ያለችው ልዩነት ጠባብ ናት። ዳኛው እንደፈለገ የሚዋኝበት አይደለም።»

የሜሪላንዱ ሰው ጣልቃ ገባ። «እኛ ጋ ይኼ ሰንጠረዥ ከቆየ ቆይቷል። 43 ደረጃ ነው ያለው። ዳኞቹን አስሮ ያዛቸው። ተከሳሹ እጅ ያለው ክራክ (የሚጨሰው ኮኬይን) ነው ወይስ ዱቄት ኮኬይን በሚል ብቻ በሰው ላይ የዓመታት ልዩነት ይመጣ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰንጠረዡ ምክር እንጂ ግዴታ አይሁን አለ። እናንተ እኛ የተውነውን ለምን ታጠብቃላችሁ?»

«አልተዋችሁትም እኮ» አለችው ጠበቃዋ። «ዳኞቻችሁ ዛሬም ከሰንጠረዡ ነው የሚነሱት። እኛም ጋ ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ከሰንጠረዡ መውጣት ይችላል። ችግሩ ሰንጠረዡ አይደለም። ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው።»

ከዚያ የተናገረችው አሁንም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ጋሼ ያውቁታል። ‹ጥፋተኛ› ተባለ። ዐቃቤ ሕግ ይነሳል። ‹ሪከርድ አልቀረበበትም፣ በመመሪያው መሠረት ይቀጣልን› ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ወረቀቶቼን አወጣለሁ። ከወረዳ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው የሚል ማኅተም ያለበት። ከእድር፣ ጠባየ መልካም ነው የሚል። ከሆስፒታል፣ ስኳር አለበት የሚል። የእርቅ ሰነድ ካለ እሱን ከላይ አደርገዋለሁ። እርከኑ ይወርዳል። ወረቀቱን ግን ማን አመጣው? ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ የእድሩ ጸሐፊ። ከገጠር መጥቶ ሕንፃ ሥር የሚያድር የቀን ሠራተኛስ? እድር የለውም። መታወቂያውም የሌላ ወረዳ ነው። እናቱ መታሰሩንም አልሰማችም። እሱ ሲጠየቅ ‹ይቅርታ ይደረግልኝ› ነው የሚለው። ሂሳቡ ለሁለቱም አንድ ነው። ይዘውት የሚገቡት ቁጥር ግን አንድ አይደለም።»

«ታዲያ ካሳ ማቅለያ አይሁን ልትይ ነው?» አሉ ጋሼ፣ ቆጣ ብለው። «ሕጉ በ82 ላይ የተጸጸተ፣ የተበደለውን የረዳ፣ ጉዳቱን የካሰ ይቀለልለት ይላል። እሱን ብታነሺ ለሟች ሚስት ማን አምስት ሳንቲም ይሰጣታል? ልጆች ይዛ በፍትሐ ብሔር ችሎት ስትመላለስ ልትኖር ነው?»

ባለ ሚኒባሱ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት መኪና ያለው ሰው ነው፤ ይኼኛው ሐሳብ ተስማምቶታል።

ጠበቃዋም «ይነሳ አላልኩም፣ ጋሼ» አለች። ግን ምን ይደረግ እንደሆነ ሳትናገር ስልኳ ጠራና ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደች።

እንግዲህ የኔን ልበል። መመሪያው ይቆይ። ዳኛው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀርቶ ስንተኛው እርከን ነው ብሎ መጠየቅ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ጋሼን አልከራከራቸውም። የጠበቃዋ ቅሬታ ግን መመሪያውን በማረም ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው ያለው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 88 ዳኛው የጥፋተኛውን የኋላ ታሪክ፣ የተነሳበትን ምክንያት፣ የግል ሁኔታውን፣ የትምህርት ደረጃውን እንዲያይ ያዛል። ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለዳኛው የሚያቀርብ ሰው ግን አልመደበም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ስለ አስተዳደጋቸው ከወላጅ፣ ከትምህርት ቤት እንዲጠየቅ ሕጉ ራሱ ያስባል። አዋቂው ግን ዘመዱ ያመጣለትን ይዞ ይቀርባል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለቅጣት ክርክር የሰጠው አንቀጽ 149 ውስጥ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ነው።

ስለዚህ ከጥፋተኝነት ውሳኔው እስከ ቅጣቱ በቂ ቀን ይኑር። ፍርድ ቤቱ የሚልከው፣ ከማንም ወገን ያልሆነ ባለሙያ ሰፈሩም ሥራ ቦታውም ሄዶ ይጠይቅ፤ ገጠር ያለችው እናትም ትደወልላት። የሟች ቤተሰብም ታርቋል የሚል ወረቀት ከመላክ ሌላ፣ ከፈለገ ቆሞ ይናገር። ካሳው ሲመዘን የብሩ ብዛት ሳይሆን ከሰውየው አቅም ስንቱ እንደሆነ ይታይ፤ የቀን ሠራተኛው ካለችው ላይ ቆርሶ የሰጣት ትንሽ ብር አለቃ ከከፈለለት ረብጣ ማነስ የለባትም። ዳኛውም እርከን ሲቀንስ «ማቅለያ ስላለው» ብሎ አይለፍ። የትኛውን ወረቀት አምኖ፣ የትኛውን እንዳላመነ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ይግባኝ የሚለውም ያን ይዞ ይከራከራል።