ማስተካከያ፦ ስለ ብርሃን ስብረት መልመጃ

በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላሉ የፊዚክስ መምህራን ቀደም ሲል በተሰራጨው መልመጃ ላይ «ማዕዘኑ ከመስታወቱ ወይም ከውሃው ገጽ ተነስቶ ይለካል» የሚለው ስህተት ነው። የሚለካው ከኖርማሉ፣ ማለትም ብርሃኑ ባረፈበት ነጥብ ላይ ለገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ነው።

ስህተቱ በቀላሉ አይታይም። በመስታወት ነጸብራቅ ከገጹም ቢለካ የመጪውና የተንጸባረቀው ጨረር ማዕዘኖች እኩል ይወጣሉ፤ ተማሪውም ልክ ነው ብሎ ያልፋል። ጉድ የሚፈላው ስብረት ላይ፣ ማለትም ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲያልፍ በሚታጠፍበት ጊዜ ነው። ጨረሩ ከውሃው ገጽ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ፣ ከኖርማሉ ጋር የሚሠራው 60 ነው። የውሃን የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚያሳየውን ቁጥር) 1.33 ብለን በስኔል ሕግ፣ ማለትም የ60ን ሳይን ለ1.33 በማካፈል፣ ስናሰላ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕዘን 40.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በመልመጃው መንገድ 30ን ይዞ የሄደ ግን 22 ገደማ ያገኛል፤ በፕሮትራክተር ሲለካው አይገጥምለትም። 45 ዲግሪን ምሳሌ ማድረግም ባይለመድ ይሻላል፤ ከየትኛውም ቢለካ ያው ስለሆነ ስህተቱን ይሸፍናል።

የቀረው ሙከራ እንዳለ ይቀጥላል። ቤተ ሙከራ በሌለበት የጠዋት ፀሐይን በካርቶን ስንጥቅ ማስገባት ይበቃል፤ ጉም በሚበዛበት ከፍታ በጣርማ በር ላይ ግን ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ግድ ነው። ተማሪዎች ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳያዩ ይነገራቸው።