ሰርቨሩ ጋ ማን አለህ?

በእኛ ዘንድ ጉዳይ የሚያልቀው በሰው ነው። መታወቂያ ለማሳደስ፣ ቆጣሪ ለማስገባት፣ ልጅ ለማስመዝገብ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ሰነድ እንደያዘ አይደለም። "እዚያ ቤት ማን አለህ?" ነው። ሰው ካለህ የጎደለው ወረቀት "በኋላ ታመጣዋለህ" ይባላል። ሰው ከሌለህ ሁሉን አሟልተህ ብትሄድም ፎቶው ላይ ጆሮህ አልታየም።

ይህን ሥርዓት ይዘን ኖረን ኖረን፣ በቀደም ከአንድ አፕል ኮምፒውተር ጋር ተፋጠጥን።

ኮምፒውተሩ የዶክተር ነው። ዶክተር ገና ዶክተር አልሆነም። ጀርመን አገር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲውን ከጀመረ ወዲህ ግን አቶቴ ያለው ሰፈራችን ማዕረጉን አስቀድሞ ሰጥቶታል። ለሰፈሩ ወጪ የለውም። ጥቂት ወር እዚያ ቆይቶ ይመጣል፣ የቀረውን እዚሁ ሐዋሳ ሆኖ ይሠራል። የሚያጠናው የሐይቃችንን ዓሣ ነው። ቆሮሶ ምን ይበላል፣ አምባዛ ዕንቁላሉን የት ይጥላል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አጥማጆች ነገሩን ሲሰሙ "ይሄን ለመጠየቅ ጀርመን ድረስ?" ብለው ነበር። እውነትም እዚያ ፍርፋሪ ሲጠብቅ የሚውል አባ ኮዳ የሚባል ወፍ ሳይቀር ስለ ቆሮሶ ከዶክተር የበለጠ ልምድ አለው።

ነገር ግን አባ ኮዳ ጽፎ አላሳተመም። ስለ ሐይቃችን ዓሣ ከተጻፈው ጥናት ጥቂት የማይባለው ያለው ውጭ አገር ጆርናል ውስጥ ተቆልፎ ነው። አንዷን ጽሑፍ ለመክፈት 30 እና 40 ዶላር ይጠየቃል። በዚያ ገንዘብ አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣውን ራሱን፣ ጥብሱንም ሾርባውንም፣ ለብዙ ሰው ትጋብዝበታለህ። የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ግን ለጆርናሎቹ ከፍሏል። ስለዚህ ዶክተር በባጃጅ ስለሚደርስበት ሐይቅ ለማንበብ በጀርመን በኩል መዞር አለበት። ለዚህም የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ኮምፒውተሩ ላይ መግባት አለበት፣ ከሩቅ የሚያገናኘውም ነገር፣ ቪፒኤን የሚባለው፣ መከፈት አለበት።

ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ ልበል። የእህቱ ባል ከአሜሪካ የላከለት ማክቡክ ኤር ነው። ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው አለ፣ አፕል ከፍቶ የሚታይ ሰው አለ። ዶክተር ለመሥራት ቢቀመጥም ፖሟ ወደ ሰው ዞራ ስለምትቀመጥ ሳይወድ ከሁለተኞቹ ይመደባል። ሰፈሩ ግን ኮምፒውተሩን የናቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጡረተኛው ጋሼ ለእድር ማመልከቻ የሚጻፍበት ፍላሽ ይዘው መጡ። ጎን ለጎን ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ አገኙ። ፍላሹን ቀና አድርገው ሞከሩ፣ ገልብጠው ሞከሩ።

"የት ነው የሚሰካው?"

"አይሰካም ጋሼ፤ አዳፕተር ይፈልጋል።"

"ይሄን ሁሉ ብር አውጥቶ፣ ቀዳዳ ለብቻው?"

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ሰፈራችን ያለችው ጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብሎ፣ ከስልኩ ኢንተርኔት ለቆ፣ ኢሜይሉን ማስገባት ጀመረ። ሲስተም ሴቲንግስ ገባ። ኢንተርኔት አካውንትስ የሚለውን ከፈተ። አይክላውድ፣ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ፣ ጉግል፣ ያሁ ተሰልፈዋል። ዩኒቨርሲቲው በላከው መመሪያ መሠረት ኤክስቼንጅን መረጠ። ስሙንና አድራሻውን አስገባ። የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ገጽ ብቅ አለ። ፓስወርድ ጠየቀው፤ ሰጠው። ስልክህ ላይ ያለውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ አምጣ አለው፤ ሰጠው።

ኮዱ ልክ አይደለም አለ።

ደግሞ ሞከረ። ልክ አይደለም። ሰፈሩ ወንበር ስቦ የተጠጋው እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ የተበላሸ ነገር ዙሪያ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። ባጃጅ ቢቆም አምስት ሰው ያጎነብሳል፤ ከአምስቱ አንዱም መካኒክ አይደለም።

ቀድሞ የደረሰው ኮምፒውተር ቤት የነበረው ልጅ ነው፤ አሁን ስልክ ይሸጣል። "ኤክስቼንጁን ተወው፣ በእጅ እናስገባው" አለ። "መቀበያው አይማፕ፣ ፖርት 993። መላኪያው ኤስኤምቲፒ፣ 587።" ቁጥሮቹን እንደ ዳዊት በቃሉ ነው የሚወርዳቸው። ቁጥሮቹም ልክ ናቸው፤ አይነቀፍም። በእሱ ጊዜ የከተማውን ቢሮዎች ኢሜይል በዚህ ነው ያስገባው። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ በስምና በፓስወርድ ብቻ የሚገባበትን በር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ መዝጋት ጀምሯል። ልጁ ይህን አልሰማም። ማኩ ስምህን ወይም ፓስወርድህን ማረጋገጥ አልቻልኩም ሲለው ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"ማክ ይኮራል" አለ። ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ።

ከጎኑ የነበረው ወጣት ደግሞ የቪፒኤን ሰው ነው። በእርግጥ ሁላችንም ነን። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተዘጉ ጊዜ ስልኩ ላይ ቪፒኤን ያልጫነ ማን ነበር? ሊስትሮው ጭኗል፣ እትዬ ጉልት ቸርቻሪዋም ለልጃቸው አስጭነዋል። አገር ምረጥ ሲለን ካናዳን፣ ሲንጋፖርን እየመረጥን ወራት ኖርን። ስለዚህ ወጣቱ በሙሉ ልብ ነው የተናገረው።

"ዶክተር፣ እኔ ነፃውን ልጫንልህ። ጀርመን ትላለህ፣ አለቀ።"

"ያንተ ቪፒኤን ከዚህ የሚያስወጣ ነው" አለ ዶክተር። "እኔ የምፈልገው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውስጥ የተቀመጥኩ መስሎት እንዲከፍትልኝ።"

"መውጣቱ ከተቻለ መግባቱ ምን ይከብዳል?"

ጀርመን ኤምባሲ ደጃፍ ተሰልፎ የሚያውቅ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሌላው ዝም አለ።

ጋሼ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"አንተ፣ እዚያ ሰው የለህም?"

"ሄልፕ ዴስክ አለ ጋሼ።"

"ማን ይባላል?"

"ስም የለውም። ትጽፍላቸዋለህ፣ ቁጥር ይሰጡሃል።"

"ስም የሌለውን ሰው ምን ብለህ ትለምነዋለህ?" አሉ ጋሼ። ትንሽ አሰቡና መንገዱን አገኙት። "ያ ፕሮፌሰርህስ? ስትሄድ ይርጋጨፌ ቡና ወስደህለት የለም? ወስደሃል። ታዲያ አንድ ስልክ ይደውልልህ እንጂ! 'ልጁ የኔ ነው፣ አስገቡት' ይበል።"

"ጋሼ፣ ፕሮፌሰሩም ሲገባ ኮድ ነው የሚያስገባው።"

ጋሼ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። "ፕሮፌሰሩ ራሱ?" አሉ። "በየቀኑ?" ከዚያ ለእኔ ዞር ብለው "ይሄ እኮ ንቀት ነው" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ትልቅ ሰው ተራ ቁጥር አስገባ የሚባልበት ቤት እሳቸው ሠርተውበት በማያውቁት ሕግ የሚተዳደር ቤት ነው። እሳቸው በሠሩበት ዘመን አለቃ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው ይነሳል እንጂ አይጠይቅም።

ለማንኛውም ሄልፕ ዴስኩም ተሞከረ። ችግር ለማመልከት መጀመሪያ ግባ ይላል። ለመግባት ኮዱ ያስፈልጋል። ፓስወርድህን ቀይር የሚለውም መልእክቱን የሚልከው ወደዚያው ወዳልተከፈተው ኢሜይል ነው። እዚህ ላይ ግን ማንም አልተገረመም። መታወቂያ ለማውጣት መታወቂያ አምጣ የተባለ ሕዝብ በዚህ አይገረምም። እንዲያውም ጀርመኖቹ የቀረቡን መሰለን።

ነገሩን የፈታችው ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት። በረካውን ስትቀዳ "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች። ዶክተር ስልኩን አየት አደረገና "አራት ከሩብ" አላት።

"ኮምፒውተሩ ላይ ግን አሥር ከሩብ ይላል።"

"ያ የፈረንጅ ነዋ" አልናት በአንድ ድምፅ። ስልኩ ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ነው። ነገሩ አለቀ ብለን ወደ ሲኒያችን ስንመለስ ዶክተር ግን ስልኩን አፍጦ እያየ ቀረ።

እናቱ አብረውት ነው የሚኖሩት። የስልኩን ሰዓት "ዋሾ" ይሉታል። ጠዋት ተነስተው ሲያዩት 12 መሆን ሲገባው 6 ይላል። በቀደም የጎረቤት ልጅ ጠርተው በእጅ ወደ ሐበሻ ሰዓት አስመለሱት። ዶክተር አይቷል፣ ተመችቶታልም። ችግሩ ግን ኮዱን የሚያወጣው ፕሮግራም ጀርመን ደውሎ አይጠይቅም። ስልኩም ሰርቨር የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ዋና ኮምፒውተርም መጀመሪያ አንድ ምስጢር ይካፈላሉ። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ከአንድ ቀን ተነስተው ይቆጥራሉ፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በየ30 ሰከንዱ ከምስጢሩና ከቆጠራው አዲስ ኮድ ይወጣል። ቆጠራቸው እኩል ከሆነ ኮዱም እኩል ነው። የዶክተር ስልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ሲጎተት 720 ኮድ ወደ ኋላ ቀረ። ሰርቨሩ የረፋዱን ኮድ አምጣ ሲለው ዶክተር የሌሊቱን እያቀረበለት ነበር።

ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለሰው። ኮዱን አስገባ። ገባ።

ደብዳቤው ጎረፈ። በየሰዓቱ ስንጠብቀው የነበረው ቁም ነገር ምን እንደሆነ ለማየት ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። የመጀመሪያው የብስክሌት ማቆሚያው ለጥገና ይዘጋል ይላል። ሁለተኛው የሳምንቱ የካፌ ምግብ ዝርዝር ነው።

ቪፒኤኑ ብዙ አላስቸገረም። ከቪፒኤን ዓይነቶቹ አይኬኢቪ2 የሚለውን መረጠ፣ የሰርቨሩን አድራሻ ከመመሪያው ገለበጠ፣ ተገናኘ። ወዲያው ጉግል በጀርመንኛ ያናግረን ጀመር። የክረምት ጃኬት ማስታወቂያ መጣ። በሐዋሳ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ። ቤተ መጻሕፍቱም ዶክተር አቶቴ መቀመጡን ሳይጠረጥር የቆሮሶውን ጽሑፍ ዘረገፈለት።

"ገባን ማለት ነው?" አለ ወጣቱ።

"ኢንተርኔቱ ገብቷል" አለ ዶክተር።

አንድ ነገር ቀረ። የጥናቱን ቁጥር የሚያሰላው ሶፍትዌር ያለው ግቢው ውስጥ ባለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማኩ ከሩቅ እንዲቆጣጠረው ከአፕ ስቶር የሚወርድ ፕሮግራም አለ። ማይክሮሶፍት በ2024 እ.ኤ.አ. ስሙን "ዊንዶውስ አፕ" ብሎታል። ነፃ ነው። አፕ ስቶር ግን የአፕል አካውንቱን ፓስወርድ ጠየቀ። አካውንቱ የእህቱ ባል ነው። አሜሪካ ደግሞ ሌሊት ነው።

ደወለ። ሌሊት ከኢትዮጵያ ስልክ ሲደወል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

"ማን ሞተ?" አለ ሰውዬው።

"ማንም አልሞተም፣ ደህና ነን። ፓስወርድህን ፈልጌ ነው።"

ለጥቂት ጊዜ መስመሩ ላይ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ነገረው። እሱ ስልክ ላይ የመጣችውንም ኮድ ዓይኑን እያሸ አነበበለት። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆይተው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

"አላልኩም? መጨረሻው ሰው ነው!"

ፕሮግራሙ ወርዶ ሲከፈት የማኩን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ዊንዶውስ ሞላው። ኮምፒውተር ቤት የነበረው ልጅ እጁን አነሳ። "ይኸው! ቀድሞም ዊንዶውስ ቢገዛ ኖሮ!" አለ። ዶክተር ሊያስረዳው አፉን ከፈተና ተወው፤ የቡናውን ሒሳብ ጠየቀ። እንደ ደንቡ፣ ለረዳው ሁሉ ከፈለ።

በነጋታው ረቡዕ ነበር። የዶክተር እናት ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ጠዋት ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። ዶክተር ገላውን ታጥቦ ሲወጣ እናቱ ስልኩን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አገኛቸው።

"ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ይላል፤ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልወጣችም። በጠዋት ሊያስገድፈኝ ነው?"

"እማዬ፣ ሰዓቱን አትንኪብኝ። ከጀርመን ጋር እኩል መቁጠር አለበት።"

"እኩል ይቁጠሩ፣ ማን ከለከላቸው" አሉ እናቱ ስልኩን እየመለሱለት። "ግን ጀርመኖቹ ይጹሙልሃ!"